የወንዶች የቡድን ሕክምና፦ ከጎኔ የሚቀመጠው ማን ነው?

ሌሊት ሠራተኛ (ቨርጂኒያ)
ጤና ይስጥልኝ። ርዕሱ ከብዷችሁ ሳታነቡ እንዳታልፉ እለምናለሁ። አገር ቤት ታስሬ ነበር። በየትኛው ዘመን፣ በማን እጅ የሚለውን እዚህ አልጽፍም፤ ውይይቱ ወደ ፖለቲካ እንዲሄድብኝ አልፈልግም። ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እንቅልፌ ግን አብሮኝ አልተፈታም። በር በኃይል ሲዘጋ እበረግጋለሁ። ምግብ ቤት ስገባ ጀርባዬን ለግድግዳ ካልሰጠሁ አልቀመጥም። በቅርቡ ልጄ ከኋላዬ መጥታ ስትነካኝ ክንዴን አነሣሁባት። አልመታኋትም፤ ግን ያን ዕለት ነው ወደ ሐኪም የሄድኩት።

ሐኪሙ ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ላከኝ። ለብቻችን መነጋገር ከጀመርን በኋላ «የወንዶች ቡድን አለ፤ ሁሉም የታሰሩ ወይም የተገረፉ ናቸው፤ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ ብትገባ ይጠቅምሃል» አለችኝ። ምርጫም ሰጠችኝ። አንዱ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ያሉበት፣ በእንግሊዝኛና በአስተርጓሚ የሚካሄድ ነው። ሌላው በአማርኛ ነው፤ ሁሉም የእኛው አገር ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ያደክመኛል፤ ሁለተኛው ያስፈራኛል። ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው በየትኛው ወገን እንደነበረ በምን አውቃለሁ? ዲሲንና አካባቢዋን ታውቃላችሁ፤ ሰኞ የተናገርከው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይጠብቅሃል። ገብቶ ያየ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ። ማበረታቻ አልፈልግም።

እውነት ብቻ
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያበርታህ። ግን ንስሐ አባት የለህም? ገመናህን ለማታውቃቸው ሰዎች ከምትዘረግፍ ለአንድ ካህን ብትናገር ምን ይጎድልብሃል? ወንዶች ክብ ሠርተው ስለ ስሜታቸው ሲያወሩ ማምሸት የፈረንጅ ነገር ነው። አባቶቻችን ከማይጨው ሲመለሱ ማን ቡድን አስገባቸው? አርሰው፣ ልጅ አሳድገው ኖሩ።

ዘ1946 (ሜሪላንድ)
አባቴ የማይጨው ዘማች ነበር። አርሶ ኖሯል፣ እኔንም አሳድጎኛል፤ ያልከው ልክ ነው። አውሮፕላን በሰማይ ባለፈ ቁጥር ግን ሞፈሩን ጥሎ ትልም ውስጥ በግንባሩ ይደፋ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው የምልህ። ሌሊት መጮኽ ሲጀምር እናታችን እኛን ልጆቹን ወደ ጎረቤት ታሸሸን ነበር። ስለዚህ «ኖሩ» ከማለትህ በፊት እንዴት እንደኖሩ በዚያው ጣሪያ ሥር ያደግነውን ጠይቀን።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። የፈራኸው ነገር በእኔ ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ ልንገርህ። በ1970 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለሁ በቀበሌ እስር ቤት ወፌ ላላ ተገርፌያለሁ። ለማታውቁት ልጆች፦ እጅና ጉልበትን አንድ ላይ አስረው፣ በመካከሉ እንጨት አሳልፈው፣ ቁልቁል ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግርን ይገርፋሉ። እስከ ዛሬ ረጅም መንገድ በእግሬ አልሄድም። ለሚስቴ «ሪህ ነው» እያልኩ ነው ያረጀሁት።

የገባሁበት የአማርኛ ቡድን የሽማግሌዎች ነበር። ከቆየን በኋላ አንዱ፣ ከሁላችን ዝምተኛው፣ «እኔ አብዮት ጥበቃ ነበርኩ» አለ፤ እኛን ይገርፉን ከነበሩት የቀበሌ ታጣቂዎች አንዱ ማለት ነው። በኋላ እሱም ታስሮ ተገርፏል፤ ወደ ቡድኑ የመጣውም በዚያ ነው። ማንም አላስገደደውም፤ በራሱ ጊዜ ተናገረ። ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። አንድ ወንድማችን ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። እኔ የቀረሁት ይቅር ብዬ አይደለም፤ የምጠይቀው ስለ ነበረኝ ነው። እነዚያ ልጆች እኛን ገርፈው ማታ ቤታቸው ሲገቡ እራታቸውን ይበሉ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ጠየቅኩት። መለሰልኝ።

አልታረቅንም። መሪያችንም «ታረቁ» አላለችንም፤ ሽምግልና የተጠራሁ መስሎኝ ገብቼ ነበርና በዚህ አመሰግናታለሁ። ዛሬም ገበያ ላይ ሳገኘው አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ፣ ሌላ የለም። እንቅልፌ ግን ተሽሏል። አንተ ከመግባትህ በፊት መሪውን ጠይቅ፦ እያንዳንዱን ሰው ለብቻ አነጋግራችሁ ነው ወይ የምታስገቡት? አንድ ጊዜ ከተጀመረ አዲስ ሰው ይጨመራል ወይስ በሩ ይዘጋል? መልስ ካጣህ አትግባ።

የሚኒሶታው
ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎ። እኔ በድብልቁ ቡድን ነው ያለፍኩት። እዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የማሰቃየት ሰለባዎችን የሚያክም ማዕከል አለ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው እሱ ነው። በእኛ ቡድን የላይቤሪያ ሰው ነበረ፣ ከበርማ የመጡ የካረን ሰዎች ነበሩ፣ አንድ የኢራቅ መሐንዲስ ነበረ።

የመጀመሪያው ዕለት የተጣላነው ስለ ወንበር ነው። ሁላችንም ጀርባችንን ለግድግዳ፣ ፊታችንን ለበሩ መስጠት እንፈልጋለን፤ እንዲህ ያለው ቦታ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። እኔና ላይቤሪያዊው ቀድመን ይዘን ሌላው ቆሞ ቀረ። መሪው ይህን አይቶ ወንበሮቹን ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ደረደራቸው፤ መካከሉ ባዶ ሆነ። ማንም ገና ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይናገር ሁላችንም የሁላችንን በሽታ አወቅን። ኢራቃዊው ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ወንበር መምረጥ የእኔ ብቻ እብደት ይመስለኝ ነበር።

የድብልቁ ጥቅም ይኸው ነው፦ ስለ እኔ ወገን፣ ስለ ትውልድ መንደሬ፣ ስለ ስሜ ትርጉም የሚያውቅ የለም። ላይቤሪያዊው ስለ አገሩ ጦርነት ሲናገር ማን ከማን ጋር እንደነበረ አልተከተልኩትም፤ መከተልም አላስፈለገኝም። ጉዳቱ ደግሞ ቀልድ አለመኖሩ ነው። በአስተርጓሚ ቀልድ አይተላለፍም። በራሴ ቋንቋ ብቻ የምራገመውን መራገም አልቻልኩም፤ እሱም ይቆጨኛል።

ሲስተር (አዲስ አበባ)
በሥነ አእምሮ ነርስነት እሠራለሁ። ወንድ ታካሚ «ያለፈው ነገር እያሰቃየኝ ነው» ብሎ አይመጣም። ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ ወገብ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ስለ መጠጡና ስለ ጫቱ ሚስቱ ናት የምትነግረን። በከተማችን «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ስድብ ሆኖ ስለኖረ ብዙ ሰው እዚያ በር ላይ ከመታየት ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ማደር ይመርጣል።

አንድ ነገር ላስተካክል። ብዙ ወንድ የሚሸሸው ገና በመጀመሪያው ቀን «ታሪክህን ንገረን» የሚባል መስሎት ነው። ደህና መሪ እንዲህ አያደርግም። መጀመሪያ የሚሠራው በመረጋጋት ላይ ነው፦ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አተነፋፈስ፣ ሰውነት ሲበረግግ ምን እንደሚደረግ፣ ቁጣ ከየት እንደሚመጣ። ትዝታውና ኀዘኑ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ወደ ቤተሰብና ወደ ሥራ መመለሱ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰው ይጎዳል፤ ቁስሉን ከፍቶ ሳይሸፍን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚያው የሚኒሶታው ማዕከል በሰሜን ኢትዮጵያ በማይ ዓይኒና በዓዲ ሓሩሽ ካምፖች ከኤርትራ ስደተኞች ጋር ሲሠራ ቡድኖቹ አሥር ጊዜ ይገናኙ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ስለ ደረሰባቸው ነገር በቀጥታ የሚነጋገሩባቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

«የፈረንጅ ነገር» ላሉት ወንድሜ፦ በአሜሪካ እንኳ ይህን ዓይነቱን ቡድን ሐኪም አይደለም የጀመረው። ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ኒውዮርክ ውስጥ በራሳቸው እየተሰበሰቡ ያወሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን እነሱው ጋበዟቸው። ይህ ከጦርነትና ከግርፋት በኋላ የሚቀር ሕመም በሐኪሞቹ መዝገብ ላይ ስም አግኝቶ የሰፈረው ገና እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከወታደሮቹ ስብሰባ ሐኪሞቹ ናቸው የተማሩት።

ጠያቂው ማበረታቻ አልፈልግም ብለሃልና ይህንም ስማ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቴክሳስ ውስጥ በ268 ወታደሮች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ግማሾቹ አንድ ዓይነት ሕክምና በቡድን፣ ግማሾቹ ለብቻ ወሰዱ። ሁለቱም ወገኖች ተሽሏቸዋል፤ ለብቻ የታከሙት ግን ይበልጥ ቀሎላቸዋል። ስለዚህ ወደ ቡድን ስትገባ የአንድ ለአንዱን ምክር አትተው። ቡድን የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ የሚኒሶታው ወንድማችን ስለ ወንበሩ የጻፈውን ዓይነት።

ሌሊት ሠራተኛ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮቱን አንሥቶ የወጣው ሰው እኔ የምሆን ይመስለኛል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ገብቼ ዝም ብል ይቻላል? ሁለተኛ፣ እዚያ የምናገረው ከኢሚግሬሽን ጉዳዬ ጋር ይገናኛል ወይ? ጥገኝነት ጠይቄ ገና በመጠባበቅ ላይ ነኝ።

አስተርጓሚዋ (ዋሽንግተን ዲሲ)
ሁለቱንም ልመልስ፤ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ።

ዝም ማለት ይቻላል። ሰምቶ ብቻ የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ ቡድን አለ፤ መሪው ከፈቀድክ ለብቻህ ይጠይቅሃል እንጂ በሰው ፊት አያፋጥጥህም። የሚያፋጥጥህ ከሆነ ቡድኑን ለቀህ ውጣ።

የኢሚግሬሽኑን ነገር ብዙ ሰው ያምታታዋል። ቡድን ማስረጃ የሚሰበሰብበት ቦታ አይደለም። ለጉዳይህ የሚጠቅመው በባለሙያ ለብቻ የሚደረግ የሥነ ልቦና ምርመራና ከእሱ የሚወጣ ጽሑፍ ነው፤ ይህን ከጠበቃህ ጋር ተነጋገርበት። አንድ ጥቅም ግን አለው፦ ቃለ መጠይቅ ላይ ቀን የሚያምታታ፣ መካከል ላይ የሚደነዝዝ ሰው ውሸታም ይመስላል። ትዝታው እንዲህ የተቆራረጠው ለምን እንደሆነ ቀድሞ የተረዳ ሰው ቢያንስ በራሱ አይደናገጥም። ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ጥገኝነት ለመጠየቅ አሜሪካ ከገቡበት ቀን ጀምሮ የአንድ ዓመት ገደብ እንዳለ አትርሱ፤ «ትንሽ ልረጋጋ» እያለ ያሳለፈው ብዙ ነው።

ስለ ምስጢር እቅጩን ልንገርህ። መሪው በሕግ የተያዘ ነው፤ አስተርጓሚውም የሥራ ቃል አለበት። አብረውህ የሚቀመጡት ሰዎች ግን የሚያስራቸው በአብዛኛው መግቢያው ላይ የሚፈርሙት ወይም የሚናገሩት ቃል ነው። በክስ ላይ የምትመካበት ነገር አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስም፣ ሰፈር፣ የእስር ቤት ቁጥር አትጥራ። የደረሰብህን መናገር ትችላለህ፤ ማን መሆንህ የሚታወቅበትን ደግሞ ለራስህ ትይዛለህ። አስተርጓሚው የምታውቀው ሰው ከሆነ «ሌላ ይምጣልኝ» ማለት መብትህ ነው፤ እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት ተቀይሬ አውቃለሁ፤ ቅር አላለኝም።

ጋሼ ዘ1946፣ በታላቅ አክብሮት፦ የዚያን ሰው ነገር እዚህ መጻፍዎ አሳስቦኛል።

ዘ1946
ልክ ነሽ፣ ልጄ፤ መጠየቅሽ ተገቢ ነው። ሰውየው ታሪኩን ራሱ ስሙን ጠርቶ በሬዲዮ ተናግሮታል፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ለጥያቄዬ የሰጠኝን መልስ ግን አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም።

አወያይ
ሁለት አስተያየቶች ተነሥተዋል። በየትኛው ዘመን ማን ይበልጥ ገረፈ የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ አለው።

እውነት ብቻ
ከተነሡት አንዱ የእኔ ነው፤ ይሁን። ጥያቄዬን አልተውም፦ ይህ ሁሉ ገንዘቡን ማን ይከፍላል? የእኛ ሰው በቀን ሁለት ሥራ ይሠራል። ጠበል ነጻ ነው።

አስተርጓሚዋ
ይህም ብዙ ጊዜ ነጻ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የማሰቃየት ሰለባዎችን ለመርዳት ሕግ አውጥታለች፤ በዚያ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ማዕከላት በተለያዩ ግዛቶች አሉ፤ የመኖሪያ ወረቀት ገና ያልያዘ ሰውም ይቀበላሉ። ዲሲ ውስጥ በዚያው ዓመት በሰለባዎች የተመሠረተው ታስክ የሚባለው ድርጅት ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ጠበሉንም ማንም አልከለከለም፤ ቅዳሜ ጠበል፣ ሐሙስ ቡድን የሚሄድ ሰው አውቃለሁ።

እቴ ሜቴ
እኔ ሚስት ነኝ። ባለቤቴ ቡድን መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። እዚህ ማንም ያልጻፈውን ልጻፍ፦ በመጀመሪያ ባሰበት። ከስብሰባው በተመለሰ ማታ ማንንም አያናግርም፤ ቅዠቱ ጨመረ። አንድ ሰሞን «ይቅርብህ» ልለው ነበር። ለአማካሪው ደውዬ ስጠይቅ እሱ የነገረውን ምንም ሊነግረኝ አልፈቀደም፤ «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ራሱን ስለ መግደል ከተናገረ ግን ሳምንቱን አትጠብቂ» ብቻ አለኝ። ሰዓቱን ነገረን፣ ቁጥሩን ነገረን፤ አሜሪካ ላላችሁ 988 ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል።

አሁን የተለወጠው ምን መሰላችሁ? አልዳነም። በፊት ሲናደድ መኪናውን አስነሥቶ ይጠፋ ነበር፤ አሁን «ዛሬ ደህና አይደለሁም» ይላል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት ከተጋባን ጀምሮ ነው የጠበቅኩት። «እውነት ብቻ» የምትባለው ወንድሜ፣ ሚስትህ አንተን ስንት ጊዜ እንደጠበቀች ጠይቃት።

ስም የለኝም
አንድ ነገር ልጠይቅ። በእስር ቤት በወንድ ላይ የሚደርስ ሌላ ነገር አለ። ግርፋት አይደለም። የገባችሁ ገብቷችኋል። ይህ በቡድን ፊት ይወራል ወይ? ሰው ይህን ሰምቶ አብሮኝ ቡና ይጠጣል ወይ?

ሲስተር
ገብቶኛል፣ ወንድሜ። የደረሰብህ ነገር በብዙ አገር እስር ቤቶች ወንዶችን ለመስበር ሆን ተብሎ ይፈጸማል፤ አንተ ያደረግከው አይደለም፤ ወንድነትህንም የወሰደው የለም። በቡድን ፊት መናገር ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ ለባለሙያው ለብቻ ንገረው። ሴት ይሁንልኝ ወይም ወንድ ይሁንልኝ ማለትም ትችላለህ። አካላዊ ሕመም ካለህ ለሐኪም ብቻ የምትናገረው ነገር ነው፤ ሕክምና አለው፤ ዓመታት ቢያልፉም አትተወው። በቡድን ውስጥ የሚሆነውን በተመለከተ ያየሁትን ልንገርህ፦ አንዱ ከተናገረ በኋላ ሌላው «እኔም» ይላል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን አይቻለሁ።

የሚኒሶታው
ስም የለኝም፣ አብሮህ ቡና የሚጠጣ አለ። እኔ አለሁ።

ዘ1946
ወጣቶቹ የተናገራችሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ነገር ይከነክነኛል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ሄጄ ያስጎበኘኝ ሰው የእኔ ዘመን እስረኛ ነው። በየቀኑ ለእንግዳ ሁሉ ያንኑ ይናገራል፤ በቃሉ ያውቀዋል። ቆሜ ሳዳምጠው፣ ይህ ሰው ከእኔ ይልቅ ቀሎታል ወይስ በየቀኑ እንደገና ይታሰራል እያልኩ ነበር። ልጠይቀው አልደፈርኩም። መናገር ብቻውን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ የእኛ ትውልድ በቴሌቪዥንና በመጽሐፍ ይህን ያህል ተናግሮ በዳነ ነበር። እኔን የጠቀመኝ የሚያዳምጠኝ ሰው መልስ መስጠት የሚችል መሆኑ ነው፤ ተመልካች አልነበረም።

ሌሊት ሠራተኛ
ጋሼ፣ ይህ ከመጀመሪያው ጽሑፍዎ ይልቅ ረዳኝ። ለባለሙያዋ ደውዬ ጋሼ የጻፏቸውን ሁለት ጥያቄዎች አነበብኩላት። ሁሉንም ለብቻ አነጋግራ ነው የምታስገባው፤ ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ አዲስ ሰው አይጨመርም። በየትኛው ወገን እንደነበሩ ትጠይቃለች ወይ ብላትም «እጠይቃለሁ፤ ለአንተ ግን አልነግርህም» አለችኝ። ይህ መልሷ ለምን እንዳረጋጋኝ አላውቅም። በድብልቁ እጀምራለሁ። ደክሞኝ ካልቻልኩ ወደ አማርኛው እሸጋገራለሁ።

ዘ1946
ደህና ነው። ጥድፊያ የለውም። ከዚሁ ጋር አንድ ጉዳይ ላንሣ፦ የእኛ የሽማግሌዎቹ ቡድን ቦታ አጥቷል። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አንፈልግም፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ያያል። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በር ላይ ስም የማይጻፍበት ክፍል የሚያውቅ አለ?

አስተርጓሚዋ
የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍል ያስይዛሉ፤ ግን የቡድኑን ስም ቅጽ ላይ ይጠይቃሉ፣ በዕለቱ ሰሌዳ ላይም ይለጥፉታል።

ዘ1946
እድር ብለን እንመዝገብ። የሚገርመው ሰው የለም፤ ሁላችንም የእድር ዕድሜ ላይ ነን።

እቴ ሜቴ
ጋሼ፣ እድር ካላችሁማ ሚስቶቻችሁ ድንኳኑና ሰሃኑ የት ገባ ብለው ይጠይቃሉ።

ዘ1946
የእኔዋ አሁን ታውቃለች። ሪህ አለመሆኑን ነግሬአታለሁ። ክፍሉ ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል?

አስተርጓሚዋ
በየቅርንጫፉ ይለያያል። ሰኞ ደውዬ ጠይቄ በግል መልእክት እልክልዎታለሁ።